ቡና ላይ ሁሉን የሚያወራ ሰው ፌስቡክ ላይ ለምን ዝም ይላል?

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር፣ ከዓባይ ማዶ ነው። ጠያቂዋ መምህርት ናቸው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ፌስቡክ ላይ ከ3 ሺህ በላይ ጓደኛ አለኝ። የዛሬ ስድስት ሰባት ዓመት ዜና ሳጋራ ሰው ይከራከር ነበር፤ አስተያየቱ ይጎርፍ ነበር። አሁን እኔም ብለጥፍ ዝም፣ እነሱም ዝም። ገጹ ሁሉ የልደትና የምርቃት ፎቶ ሆኗል። ቡና ላይ ስንገናኝ ግን ሁሉም ሁሉን ሰምቶ ነው የሚመጣው። ሰው ፈሪ ሆኖ ነው? ወይስ ግዴለሽ ሆኗል? ባለቤቴ ‹ልጆች አሉን፣ አርፈሽ ተቀመጪ› ይለኛል። ሰፈራችን ውሃ ከጠፋ 11 ቀኑ ነው። ፎቶ አንስቼ ሳምንት ሙሉ ስልኬ ላይ ይዤዋለሁ። ልለጥፈው ወይስ ሆድ ይፍጀው?»

ፎቶውንም አያይዘው ልከውልኛል። መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ጥያቄው ራሱ ይስተካከል። «ፈሪ ወይስ ግዴለሽ» ብለው ሁለት በር ብቻ ከፍተዋል። ቡና ላይ ሁሉን ሰምቶ የሚመጣ ሰው ግዴለሽ ሊባል አይችልም። ዜናውን ፈልጎ አግኝቷል። አንብቧል። ተናዷል። ለጎረቤቱም ነግሯል። የተወው አንድ ነገር ነው፤ በስሙና በፎቶው አደባባይ ወጥቶ ማጋራቱን። ማንበብ ለራስ ነው። ማጋራት ግን ዋስ እንደ መሆን ነው። ዋስ የሆነ ሰው ነገሩ ቢበላሽ የሚጠየቀው እሱ ነው። ሰው ደግሞ ላላየው ነገር ዋስ ለመሆን ያመነታል።

ሌላም የሚታረም አለ። ድሮ ሁሉም ያጋራ ነበር የሚለው ትዝታ ልክ አይደለም። ጄኮብ ኒልሰን የተባለ የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያ በ2006 እ.ኤ.አ. አንድ ግምታዊ ልኬት አስቀምጦ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ከሚሰባሰብ 100 ሰው ውስጥ 90ው አንብቦ ያልፋል፣ 9ኙ አልፎ አልፎ ይጽፋል፣ አብዛኛውን የሚጽፈው 1 ሰው ነው። ያን ጊዜ ይጎርፍ የነበረው አስተያየትም የጥቂቶች ነበር ማለት ነው። አሁን እነዚያ ጥቂቶችም ሳስተዋል። የሮይተርስ የጋዜጠኝነት ጥናት ተቋም በ2023 እ.ኤ.አ. በ46 አገሮችና ገበያዎች ባደረገው ጥናት፣ በዜና ላይ በንቃት የሚሳተፈው ሰው 22 በመቶ ብቻ ነበር። 47 በመቶው ጭራሽ አይሳተፍም። ኢትዮጵያ በዚያ ጥናት ውስጥ የለችም። ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ ወደ እኛ መገልበጥ አይገባም። ግን ዝምታው የባሕር ዳር ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

ታዲያ ወሬው የት ሄደ? አንድ ያየሁትን ልንገርዎ። ባለፈው ክረምት ሐይቁ ዳር ከአንድ የጀልባ አስጎብኚ ጋር ቡና እየጠጣን ነበር። ዝናቡ ስላላባራ ሥራ የለም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ቴሌግራሙን ይነካካል። የዕድሩ ግሩፕ አለ። የጀልባ ሠራተኞቹ አለ። አብረውት 12ኛ ክፍል የጨረሱት ልጆች አሉ። ቤተሰቡ አለ፤ እህቱ ዓረብ አገር ናት። ከአቦል እስከ በረካ ሰባት ነገር አስተላለፈ። ቆጥሬያለሁ። መንገድ የተዘጋበትን ለሠራተኞቹ ላከ። ስለ ማዳበሪያ ዋጋ የወጣውን ዘጌ ላለው አጎቱ ላከ። ፌስቡኩን አንድም ጊዜ አልከፈተም። የመጨረሻ ልጥፉ የጥምቀት ፎቶ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «እዚያ ማን እንደሚያየው አላውቅማ» አለኝ።

ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር የጉዳዩን ግማሽ ትናገራለች። 3 ሺህ ጓደኛ አለኝ ሲሉ እነማን እንደሆኑ ያስቡ። ተማሪዎችዎ አሉ። የተማሪ ወላጆች አሉ። ርእሰ መምህሩ አሉ። አማትዎ አሉ። የንስሐ አባትዎ አሉ። አዲስ አበባና ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶች አሉ። ጎራ ለይተው የማይነጋገሩ የአጎት ልጆች አሉ። እነዚህን ሁሉ አንድ ክፍል ሰብስበው ተናግረው ያውቃሉ? ሠርግ ላይ እንኳ በየጠረጴዛው የሚወራው ይለያያል። አሊስ ማርዊክና ዳና ቦይድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ነገር ጽፈዋል። በእውኑ ሕይወት በየክፍሉ ተለያይቶ የሚኖረው አድማጭ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ግድግዳው ይፈርስና አንድ ላይ ይከመራል። ያኔ ሰው ማንንም የማያስከፋውን ብቻ ይመርጣል። ልደት፣ ምርቃት፣ «እንኳን አደረሳችሁ»። ገጽዎ ላይ የሚያዩት ይኸው ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ውጭ የተጻፉ ጥናቶች ውስጥ አያገኙትም፤ ለእኔ ግን ከሁሉ ይከብዳል። ዜና የራሱ ወግ አለው። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያውቃሉ። ሰው ሞተ ተብሎ ዝም ብሎ ስልክ አይደወልም። የቅርብ ሰዎች ይመካከራሉ። ማን ይንገራት ይባላል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባት ከሆነች ይታሰብበታል። ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ይገባል። የሚደግፍ እጅ ከጎን ይቆማል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ክፉ ወሬ ብቻውን ባለ ሰው ላይ እንዳይወድቅ ነው። ፌስቡክ ይህን ወግ በአንድ ጣት ይሽረዋል። የማውቃት አንዲት ልጅ የወንድሟን ሞት ያወቀችው ባጃጅ ውስጥ ሆና ነው። ከፔዳ ወደ ቤቷ እየሄደች ስልኳን ስትከፍት፣ የማታውቀው ሰው የወንድሟን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ብሏል። ከጎኗ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች አያውቋትም። ምን እንደነካትም አላወቁም። ሹፌሩ ብቻ ደንግጦ ዳር ይዞ አቆመ።

እንዲህ ያለ ነገር ያየ ቤተሰብ ዜና ለማጋራት ጣቱ ቢከብደው አይፈረድበትም። በተለይ ባለፉት ዓመታት የአደጋና የግጭት ዜና ሲበዛ፣ ከእያንዳንዱ ዜና ጀርባ መርዶ ያልደረሰው ቤት ሊኖር እንደሚችል ሁሉም ያውቃል። ይህን ፍርሃት አልለውም። ጨዋነት ነው።

ወደ ዋስትናው ልመለስ። ሳሻ አልታይና ባልደረቦቹ ሰው የሐሰት ዜና ለማጋራት ለምን እንደሚጠነቀቅ አጥንተዋል። ያገኙት ነገር ቀላልና ከባድ ነው። አንድ የሐሰት ዜና የሚያጠፋውን አመኔታ አንድ እውነተኛ ዜና አይመልሰውም። አብዛኞቹ ተሳታፊዎች የሐሰት ዜና በስማቸው እንዲያጋሩ ሲጠየቁ ገንዘብ እንዲከፈላቸው ፈልገዋል። ስማቸው ዋጋ እንዳለው ያውቁ ነበር። እንደ ባሕር ዳር ባለ፣ ሁሉም በሁለት ሰው በሚተዋወቅበት ከተማ ይህ ዋጋ ይበልጥ ይንራል። አዲስ አበባ የተሳሳተ ሰው ሰፈር መቀየር ይችላል። ዓባይ ማዶ የተሳሳተ ሰው ነገም እዚያው ዳቦ ቤት ይሰለፋል።

የእምቦጭን ነገር ያስታውሱ። አረሙ ጣና ላይ በይፋ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ወሬው ሲጋጋል ፎቶው በየገጹ ተጋራ። በበጎ ልብ ነበር። ሰው በእጁ ሊነቅል እስከ መሄድ ደርሷል። ግን ብዙው ፎቶ ቦታም ቀንም አልነበረው። አረሙ በብዛት የያዘው ሰሜኑንና ሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ነው፤ ደንቢያን፣ ጎንደር ዙሪያን፣ ሊቦ ከምከምን፣ ፎገራን። ባሕር ዳር ያለችው ደቡብ ጫፍ ላይ ነው። የደንቢያ ፎቶ «ጣና አለቀ» ተብሎ ሲዞር፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት እንግዳ የሚያደርስ ጀልበኛ ይጎዳል። የደንቢያ ገበሬም አልተጠቀመም፤ ችግሩ የት ሰፈር እንደሆነ ማንም አላወቀለትምና። ጀልባ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ስለ ሐይቁ ዜና ሲያዩ ዝም የሚሉት ስለማይወዱት አይደለም። እንጀራቸው ስለሆነ ነው።

ፍርሃት የለም ማለቴ ግን አይደለም። በ2015 ዓ.ም ክረምት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ክልሉ ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ሰው የተመለሰው ሌላ ልማድ ይዞ ነው። አንድ ዜና ባጋሩ ቁጥር «የማን ወገን ነህ?» የሚል ጥያቄ በሚከተልበት ጊዜ ዝም ማለት ራስን መጠበቅ ነው። ባለቤትዎ ‹ልጆች አሉን› ሲሉ ከንቱ ነገር አልተናገሩም። ልብ ብለው ይስሟቸው።

ሕጉንም ይወቁት። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ይባላል። የሚከለክለው ማሰራጨትን ነው። ስለዚህ «እኔ አልጻፍኩትም፣ ያጋራሁት ብቻ ነው» የሚለው መልስ ብዙ አያስጥልም። ሐሰተኛ መረጃ የሚባለው፣ አሰራጩ ሐሰት መሆኑን የሚያውቀው ወይም ማወቅ የሚገባው ሆኖ፣ ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍ ያለ ንግግር ነው። ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት እሥራት ወይም እስከ 50,000 ብር ነው። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሰራጨ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። በዚያው አዋጅ፣ እውነትነቱን ለማጣራት በቂ ጥረት ያደረገ ሰው መከላከያ አለው። ስለዚህ ማጣራትና ያጣሩበትን ማስቀመጥ ለሕግም ይጠቅማል። እኔ የመገናኛ ብዙኃን ሰው ነኝ። አንድ የተለየ ጉዳይ ከገጠመዎ ጠበቃ ያማክሩ።

አሁን «እኔ ስለጥፍ ዝም» ወዳሉት ልምጣ። ዝም ያሉዎት ሁሉ ልጥፍዎን አይተውታል ብለው አያስቡ። ፌስቡክ በጥር 2018 እ.ኤ.አ. የዜና ድርጅቶችን ልጥፍ ዝቅ አድርጎ የቤተሰብና የጓደኛን ከፍ እንደሚያደርግ አስታውቋል። ዜና እየቀነሰ ልደት የሚበዛው ሰው ስለተለወጠ ብቻ አይደለም፤ ማሽኑም መርጦ ነው የሚያሳይዎ። «ላይክ» አላደረገችም ብለው ጓደኛዎን እንዳይቀየሙ። ምናልባት ጭራሽ አላየችውም።

ዝም ብለዋል ካሏቸው ውስጥም እየተናገሩ ያሉ አሉ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ እነ ዋሸራና ጎንጅ ያሉበት። አንድ ሰው የጣናን ፎቶ ለጥፎ «ደመናው ከበደ» ብሎ ብቻ ይጽፋል። ሰሙ የአየር ሁኔታ ነው። ወርቁን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሥር የሚደረደረውን የሐዘን ምልክት ይመልከቱ። ያ ሰው ዜና አጋርቷል። ለሚገባው ብቻ ነው ያጋራው።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን ዝምታው ዋጋ የለውም አልልም። ዋጋው ከባድ ነው፤ እኔንም እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው። ኤልዛቤት ኖኤለ-ኖይማን የተባለች ጀርመናዊት በ1974 እ.ኤ.አ. ያቀረበችው ሐሳብ አለ። ሰው መገለልን ይፈራል። ስለዚህ አካባቢውን ያዳምጥና ሐሳቤ የጥቂቶች ነው ብሎ ካሰበ ዝም ይላል። ዝም ባለ ቁጥር የዚያ ሐሳብ ሰው ያነሰ ይመስላል። ሌላውም ያንን አይቶ ዝም ይላል። ፒው የምርምር ማዕከል አሜሪካ ውስጥ 1,801 ሰው ጠይቆ ውጤቱን በ2014 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። ርእሱ ኤድዋርድ ስኖውደን ስላወጣው የመንግሥት የስለላ ምስጢር ነበር። ፊት ለፊት ለመወያየት ፈቃደኛ የሆነው 86 በመቶ ነው። ፌስቡክና ትዊተር ከሚጠቀሙት ውስጥ እዚያ ላይ ለመጻፍ ፈቃደኛ የሆነው 42 በመቶ ብቻ። ቡና ላይ ያዩትን ነገር በቁጥር አስቀመጡት ማለት ነው። እኛ ዘንድ ውጤቱ ምን ይሆናል? የሰከነው ሰው ሲወጣ ገጹ ላይ የሚቀሩት ጮኾ የሚያተርፉት ናቸው። ከዚያ ከሩቅ የሚያይ ሰው ባሕር ዳር ያለው ሕዝብ ሁሉ እንደነሱ የሚያስብ ይመስለዋል። ባሕር ዳር ያለውም ስለ ጎረቤቱ እንደዚያው ያስባል።

ቴሌግራም ግሩፕም መጠጊያ ብቻ አይደለም። የዕድር ግሩፕ ውስጥ የሐሰት ወሬ ሲገባ ከውጭ ሆኖ «ይሄ የቆየ ፎቶ ነው» የሚል ሰው የለም። ወሬውን ያመጡት ጋሼ ከሆኑ ደግሞ ማን ያርማቸዋል? ቴሌግራም ላይ አንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል። ሺህ ሰው ያለበትን ክፍል ጓዳ ነው ብለው አይመኑት። ስክሪንሹት አንሥቶ ለማውጣት አንድ ሰው ይበቃል።

ምክሬ ይህ ነው፤ ማጋራትዎን አይተዉ፤ ግን ሁሉን ለሁሉ ማጋራት ያቁሙ። አንድ ዜና እጅዎ ሲገባ መጀመሪያ «ይህ ለማን ይጠቅማል?» ብለው ይጠይቁ። የፈተና ቀን ለውጥ ለወላጆች ግሩፕ ነው። የመድኃኒት መጥፋት መድኃኒቱን ለሚወስዱት ነው። ስለ ሩቅ ጦርነትና ስለ ባለሥልጣን ሹመት ሌላው ነግሮ ጨርሶታል፤ የእርስዎ ዋስትና የሚጨምርለት ነገር የለም። የእርስዎ ቃል ክብደት የሚኖረው በዓይንዎ ባዩት፣ ከቤትዎ 2 ኪሎ ሜትር ውስጥ ባለ ነገር ላይ ነው። ያንን እርስዎ ካልተናገሩት ማንም አይናገረውም።

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ይባላል። ከሌላ ያገኙትን ሲያጋሩ ሁለት ዓረፍተ ነገር የራስዎን ይጨምሩበት። ከየት አገኘሁት? መቼ የሆነ ነው? ደም የሚያፈላ ዜና ከሆነ ደግሞ ያሳድሩት። እውነት ከሆነ ነገም እውነት ነው። የሞት ዜና ቤተሰቡ መስማቱን በራስዎ ጆሮ ሳያረጋግጡ በፍጹም አይለጥፉ፤ ሟቹ የታወቀ ሰው ቢሆንም። ከተሳሳቱ ዝም ብለው አያጥፉት። እዚያው ቦታ ላይ «ትናንት ያልኩት ልክ አልነበረም» ብለው ይጻፉ። ይህን የሚያደርግ ሰው ስሙ አይጎዳም፤ በቀጣዩ ጊዜ ይታመናል። ዝም ያሉ ጓደኞችዎን ደግሞ ገጽዎ ላይ «ለምን ዝም አላችሁ?» ብለው አይውቀሱ። ምክንያታቸውን አያውቁትም። ተማሪዎችዎንም እንዲያጋሩልዎ አይጠይቁ። መምህር ሲጠይቅ እምቢ ማለት ይከብዳቸዋል።

ይህ ሁሉ ያንን የድሮውን የጦፈ ክርክር አይመልስልዎም። 20 ሰው ቢያነበው፣ 3ቱ ቢመልሱልዎ በቂ ነው ብለው ይነሱ።

አሁን ወደ ፎቶው። ይለጥፉት። የውሃው ነገር ከላይ ያልኩትን ሁሉ ያሟላል። በዓይንዎ ያዩት ነው፣ ሰፈርዎ ነው፣ ማንንም ከማንም አያጣላም። ግን ከመለጠፍዎ በፊት ነገ ጠዋት ወደሚመለከተው ቢሮ ደውለው ምክንያቱን ይጠይቁ። መለሱም አልመለሱም የደወሉበትን ሰዓት ይጻፉ። «ውሃ የለም፣ ተረሳን» ብለው አይጀምሩ። ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደጠፋ፣ የትኛው መንደር እንደሆነ፣ አንድ ጀሪካን በጋሪ ስንት ብር እንደሚሸጥ ይጻፉ። መጀመሪያ የሰፈሩ ግሩፕ ላይ ያውጡት። የተሳሳቱት ነገር ካለ ጎረቤት ያርምዎታል። ከዚያ ወደ ገጽዎ ይውሰዱት። ባለቤትዎም ቀድመው ያንብቡት።

ፎቶው ላይ ቢጫ ጀሪካን ይዘው የተሰለፉት ሴቶች ፊታቸው በደንብ ይታያል። ጎረቤቶችዎ ናቸውና ሄደው ያስፈቅዷቸው። እምቢ ካሉ ጀሪካኖቹን ብቻ ያሳዩ፤ ሰልፉ በእነሱም ይታወቃል። ከኋላ የቆመችው ልጅ ግን ትንሽ ናት። ዩኒፎርሟ ላይ የትምህርት ቤቷ ስም ይነበባል። እሷን ቆርጠው ያውጧትና ነገ ማታ ይለጥፉት።